ሕግ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ስለ ተያዘው የሙላቴ በሬ

«ማስታወቂያ። ለአገሬው ዳኝነት ረዳቶች የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ በሚያዝያ ወር በተደረገው ፈተና ስድስት ተፈታኞች ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ቃል አንድ የሆነ መልስ ጽፈው ስለ ተገኙ ፈተናው ተሰርዟል። ስድስቱ ተፈታኞች ከእንግዲህ ወዲህ ወደ ማናቸውም የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ተከልክለዋል። በስድስቱም ወረቀት ላይ ስሙ ተጽፎ የተገኘው፥ የስውር ማኅበራቸው አለቃ መሆኑም የተረጋገጠው ሙላቴ የተባለው ሰው ተይዟል። በሬውም ለመንግሥት ገቢ ሆኗል። ሙላቴ ግንቦት ፳ ቀን በካሚዮን ወደ ጎንደር፥ ከዚያም ወደ ባሕር ጠረፍ ተወስዶ ባሕር ይሻገራል።»

ለክቡር ካቫሊየሬ ብራንዳሊ፥
የአገሬው ዳኝነት ረዳቶች የሕግ ትምህርት ቤት ዲሬክተርና የመግቢያው ፈተና የበላይ ሹም፥
ደብረ ታቦር።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። የደብረ ታቦር ብርድ ለእንግዳ ሰው ይከብዳልና ጉልበትዎን እንዳይዝዎ፥ ዓይንዎ የተፈታኞችን ወረቀት በማንበብ እንዳይደክም፥ እንቅልፍዎም የንጹሕ ሰው እንቅልፍ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። በአገርዎ ያሉት ቤተ ሰብዎ በሰላም ይኑሩ፤ ከብት ያላቸውም እንደ ሆነ የከብታቸው ነገር በማንም ሰው ወረቀት ላይ ተጽፎ አይገኝባቸው።

ከዚህ በላይ ያለው ጽሑፍ በገበያው በር ላይ ካስለጠፉት ማስታወቂያ የተወሰደ ነው። አንዲት ቃል ሳልጨምር፥ አንዲት ቃል ሳልቀንስ ገልብጬዋለሁ። ቃል በቃል መገልበጥ በትምህርት ቤትዎ ዘንድ ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደ ሆነ ስለ ተረዳሁ፥ ስለዚህ ድፍረቴ አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ።

ደብዳቤዬን ግልጽ ማድረጌም ከትዕቢት አይቆጠርብኝ። ስለዚሁ ጉዳይ ሦስት ደብዳቤ አሽጌ ልኬልዎ ነበር። ሦስቱም እንደ ታሸጉ በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ተደራርበው፥ በላያቸውም የወይን ጠርሙስ ተቀምጦባቸው ባለፈው ሰኞ በዓይኔ አየሁ። ማሸጊያ መክፈት ለቢሮዎ አድካሚ ሥራ መሆኑ ስለ ገባኝ አራተኛው ተከፍቶ እንዲመጣልዎ አደረግሁ። አንዱን ቅጂ ለእርስዎ ልኬ ሌላውን ከማስታወቂያዎ ጎን ለጥፌዋለሁ። ከእብናት እህል ጭኖ የሚመጣውና ከሐሙሲት የሚወጣው ገበያተኛ አንድ ጊዜ ቆሞ ሁለቱንም አስነብቦ ይሰማል፤ ሁለት ጊዜ ከመድከም ይድናል።

እርስዎ ያውቁኛል፤ ለማያውቀኝ ገበያተኛ ግን ልንገረው። ገብረኪዳን ወልደሚካኤል እባላለሁ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። በወጣትነቴ ባሕር ተሻግሬ በፈረንጅ አገር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሬ ተመልሻለሁ። ስለዚሁ ጥፋቴም በየሳምንቱ ሰኞ ቢሮዎ ቀርቤ «አለሁ» ብዬ እንድፈርም ተፈርዶብኛል። መምህሮቼ ብዙ ጊዜ ፈትነውኛል፤ በሕይወት መኖሬን በየሳምንቱ የፈተነኝ ግን የእርስዎ መንግሥት ብቻ ነውና ስለዚህ ትጋት አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ እገባለሁ። ለንባብ እንዲመችዎ በቁጥር ከፍዬዋለሁ።

፩ኛ። ስድስቱ ልጆች ፈተናውን ሰርቀዋል ስለ መባሉ።

ልጆቹ ፈተናዎን አልሰረቁም፤ ተለማመዱት እንጂ። ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ትምህርት ቤትዎ የመጀመሪያውን የመግቢያ ፈተና ባደረገ ጊዜ ከደብረ ታቦር ልጆች አንድም አላለፈም። ከወደቁት አንዱ ሞላ የተባለው ዲያቆን ነበር። ሞላ ከማንም የማያንስ ልጅ ስለ ሆነ ምን እንዳገኘው ብጠይቀው፥ «የኔታ፥ ጥያቄውስ ቀላል ነበር። ያ የፈታኙ ጫማ ከኋላዬ ኳ ባለ ቁጥር ግን እንኳን ሕጉ የክርስትና ስሜም ጠፋኝ» አለኝ። እኔም የሕግ እውቀት ብቻውን እንደማይበቃና ልጆቹ ወደ ፈተናው ከመግባታቸው በፊት ፈተናውን ደጋግመው መፈተን እንዳለባቸው አሰብሁ።

ለምን ደከምህ ይሉኝ ይሆናል። ጎረቤቶቼም ብለውኛል። «ገብረኪዳንም ገባላቸው» እየተባልሁ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሰላምታ የነሱኝ ዘመዶች አሉኝ። እኔ ግን በችሎትዎ ደጅ ቆሜ ያየሁትን አይቻለሁ። ገበሬው ተከስሶ ይገባል፤ በማያውቀው ቋንቋ ይፈረዳል፤ ከወጣም በኋላ «እባክህ ወንድሜ፥ ፈረዱልኝ ወይስ ፈረዱብኝ?» ብሎ መንገደኛ ይጠይቃል። ከስድስቱ አንዱ እንኳ ትምህርት ቤትዎ ገብቶ በዚያ ችሎት ቢቀመጥ፥ ቢያንስ የተፈረደበት ሰው እንደ ተፈረደበት የሚነግረው ያገኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ተስፋዬ ይህን ታህል ነበረች። እርስዎም ከዚህ በላይ እንዳታድግብኝ ስላደረጉ አመሰግናለሁ።

ስለዚህ ከጥምቀት ጀምሮ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ስድስቱን ልጆች ከጓሮዬ ወይራ ሥር አስቀምጥ ነበር። ሞላ ከአምናው ፈተና ያስታወሰውን ነገረኝ፤ እኔም በዚያው መንገድ አዳዲስ ጥያቄ አውጥቼ አደልኋቸው። ባለ ሰንሰለት ሰዓቴን ከድንጋይ ላይ አኖርሁ። ከዩኒቨርሲቲ ዘመኔ ያስቀመጥሁትን ባለ ብረት ጫማ ተጫምቼ ከኋላቸው ተመላለስሁ፤ በማይጠብቁትም ጊዜ እንደ ፈታኞችዎ «ፕሬስቶ! ፍጠኑ!» ብዬ ጮህሁባቸው። በመጀመሪያው እሑድ ሁለቱ ብዕራቸውን ጣሉ፤ ሞላም ተነሥቶ ሊሮጥ ሲል በነጠላው ያዝሁት። ሆሳዕና ሲደርስ ግን ከጆሯቸው ሥር ብጮህ ቀና የሚል አልነበረም። ክቡርነትዎ ስርቆት ያሉት ይህን ነው። በተማርሁበት አገር ልምምድ ይሉታል።

፪ኛ። መልሳቸው አንድ ስለ መሆኑ።

ይህ እውነት ነው፤ አልክድም። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ትክክለኛውን መልስ እኔው ጽፌ አነብላቸው ነበር። እነዚህ ልጆች የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች መሆናቸውን ይወቁልኝ። በልጅነታቸው መምህሩ አንድ ቃል ይላል፤ ተማሪው ያንኑ ቃል ይመልሳል። አንዲት ቃል የጎደለችበት ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ አንዲት ቃል ከራሱ የጨመረ ደግሞ የባሰ ይቀጣል። ስለዚህ ያነበብሁላቸውን መልስ ሁሉ ሸምድደው ኖሯል። እኔም ይህ ልማዳቸው አሳስቦኝ ባነበብሁ ቁጥር በመጨረሻው «በራሳችሁ ቃል ጻፉ» እላቸው ነበር። እነርሱም እጅ ነሥተው «እሺ፥ የኔታ» ይሉ ነበር።

ወረቀቶቹ በእጅዎ ስለ ሆኑ መጨረሻቸውን ይመልከቱልኝ። በስድስቱም መልስ ግርጌ «በራሳችሁ ቃል ጻፉ» የሚል ተጽፎ ያገኛሉ። ይህንንም ሸምድደውታል። ሞላን ተቆጥቼ ብጠይቀው፥ «ታዲያ የመምህርን ቃል ማን ደፍሮ ይቆርጣል?» ብሎ እርሱው ተቀየመኝ።

ከዚህም ሌላ ጥያቄዎ የአንድ ሰው በቅሎ ከጎረቤቱ ስንዴ ገብታ ብታጠፋ ዳኛው እንዴት ይፈርዳል የሚል ነበር። እኔ ለልምምድ የሰጠኋቸው ግን የሙላቴ በሬ ከጎረቤቱ ገብስ ቢገባ የሚል ነው። ስድስቱም ስለ በቅሎ ተጠይቀው ስለ ሙላቴ በሬ መለሱ። ስለ ስንዴ ተጠይቀው ስለ ገብስ ጻፉ። ክቡር ሆይ፥ ፈተናውን የሰረቀ ሰው ቢያንስ በቅሎዋን አይስታትም ነበር።

እኔ ፈታኝ ብሆን ስድስቱንም ያለ ርኅራኄ እጥላቸው ነበር። ጥያቄ ሳያነብ የሚመልስ ሰው ዳኛ አጠገብ መቀመጥ አይገባውም። እርስዎም ጥለዋቸው ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም፤ ጫማዬን አጥልቄ ወደ ወይራው ሥር እመለስ ነበር። የወደቁበት ፈተና ይደገማል። ባሕር የተሻገረ ገበሬ ግን አይደገምም።

፫ኛ። ሙላቴ የስውር ማኅበር አለቃ ስለ መሆኑ።

ሙላቴ ጎረቤቴ ነው። ገብስና ጤፍ ያርሳል፤ ፊደል አልቆጠረም፤ አለቃ ሆኖ የሚያውቀው በሁለት በሬዎች ላይ ብቻ ነው፤ እነርሱም ሁልጊዜ አይታዘዙትም። ካቻምና ዳልቻ የሚባለው በሬው አጥሬን ሰብሮ ከገብሴ ገባ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሙላቴ ካሠኝ፤ ጠላ ጠጥተን ታረቅን። ለልጆቹ ጥያቄ ሳወጣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሁሉም በሬውን ያውቁታል፤ አጥሩንም ያውቁታል፤ ፍርዱንም በጆሯቸው ሰምተዋል።

ሙላቴም ይህን በሰማ ጊዜ ደስታውን አልቻለውም። «አያ ገብረኪዳን፥ እኔ ፊደል ሳልቆጥር በሬዬ ሕግ ገባ በሉኛ!» አለኝ። በሐሙሲት ገበያ ይህንኑ ሲናገር ውሎ ሰው ሲስቅበት እርሱም አብሮ ሲስቅ ዋለ። ከእሑድ ልምምዳችን በአንዱ በሬውን እየነዳ በወይራው ሥር አሳልፎ፥ «እዩት፥ መልኩን እንዳትስቱት!» ብሎ ልጆቹን አስቆአቸዋል። እኔ ተቆጣሁት። የፈተና ጊዜ ነውና ዝም በል አልሁት።

የተያዘ ዕለት ሚስቱ ፈንታነሽ ከግቢዎ አጥር ውጭ ቆማ የጠየቁትን ሁሉ ሰምታለች። አስተርጓሚዎ «እነዚህን ስድስት ልጆች ታውቃለህ?» አለው። «አሳምሬ! ልጆቼ ናቸው» አለ፤ በአገራችን ሽማግሌ የመንደሩን ልጅ ሁሉ ልጄ ይላልና። ጸሐፊዎም የስድስት ወንዶች ልጆች አባት ብሎ መዘገበው፤ ለሙላቴ እግዜር የሰጠው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነው። «ይህ ፈተና እንደሚመጣ አስቀድመህ ታውቅ ነበር?» ተባለ። «እንዴታ! አገር የሚያውቀውን እኔ ላላውቅ ነው?» አለ። «በወረቀቱ ላይ ያለው ሙላቴ አንተ ነህ?» ሲባልማ ቀና ብሎ፥ «እኔ ነኝ! በሬውም የእኔው ነው!» አለ። ፈንታነሽ እንደ ነገረችኝ በድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። ሽልማት የሚሰጡት መስሎት ኖሯል።

መርማሪዎችዎ ከአንድ ሰው እንዲህ የተሟላ የእምነት ቃል ያለ ዱላ በማግኘታቸው እንኳን ደስ ያላቸው እላለሁ።

፬ኛ። ስለ በሬው።

ዳልቻ ከወጥ ቤትዎ በስተ ጀርባ ታስሮ እስካሁን በሕይወት በመኖሩ አመሰግናለሁ። ሣርም እንደሚሰጠው አይቻለሁ። ከተያዙት ሁሉ ቀለቡ የማይጓደልበት እርሱ ብቻ መሆኑን የሚናገሩ አሉ፤ እኔ ግን ከከብት ጋር ማወዳደር ስለማይገባ ይህን አልጽፍም።

፭ኛ። ስለ እርሻው።

ግንቦት እየተጋመሰ ነው፤ የሙላቴ መሬት ገና አልታረሰም። በአንድ በሬ ማረስ እንደማይቻል ምናልባት በአገርዎም ይታወቃል። በእኛ ዘንድ አንድ በሬ የቀረው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ በሬዎቻቸውን ጠምደው ተራ በተራ ያርሳሉ። ዘንድሮ ግን ለፈንታነሽ በሬውን የሚያቀናጅ ጠፋ። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ከዳልቻ ጋር በአንድ ቀንበር የኖረ በሬ ስለ ማኅበሩ ሳያውቅ አይቀርም ተብሎ እንዳይያዝ፥ ከርሱ ጋር የተጠመደውም እንዳይያዝ፥ የጠመደውም እንዳይያዝ ፈሩ። እኔ ራሴ በሬ የለኝም፤ ገብሴን የማሳርሰው በሙላቴ በሬዎች ነበርና።

ፈንታነሽ በየማለዳው ከደጄ ትመጣለች። አታለቅስም። ከአጥሬ ጥግ ትቆምና ትላንት ያለችውን ዛሬም ትደግመዋለች፤ «አያ፥ በወረቀት ያስገቡት አንቱ ነዎት፤ በወረቀት ያውጡልኝ።» ክቡር ሆይ፥ ብዙ ዓመት ሕግ ተምሬአለሁ። የላቲን ቃል ሳይቀር አውቃለሁ። ሙላቴን የሚያወጣው ወረቀት የትኛው እንደ ሆነ ግን አላውቅም። ሦስቱን ወረቀቶች ከጠርሙስ ሥር አይቻቸዋለሁ፤ ይህም አራተኛው ነው። አምስተኛ እንደሌለኝ ለፈንታነሽ እንዴት እንደምነግራት አላውቅም።

፮ኛ። ስለ እውነተኛው ጥፋተኛ።

ባለፈው ሰኞ ልፈርም በመጣሁ ጊዜ ለጸሐፊዎ በግልጽ ነገርሁት። «ጥያቄውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፥ መልሱን ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ፥ የሙላቴን ስም ያገባሁት እኔ ነኝ፤ እርሱን ፍቱት፥ እኔን እሰሩኝ» አልሁት። ጸሐፊዎ በትሕትና አዳመጠኝና ስሜ በዚህ ጉዳይ ባሉት ወረቀቶች በአንዱም ላይ እንደማይገኝ፥ ስለዚህም በሕግ የሚያሲዘኝ ማስረጃ እንደሌለ ገለጠልኝ። ከዚያም መዝገቡን አቀረበልኝ። «አለሁ» ብዬ ፈርሜ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። መንግሥትዎ ሰውን ያለ ማስረጃ ከማሰር እንዲህ አጥብቆ መጠንቀቁ አስደንቆኛል።

እውነቱን ለማግኘት ከፈለጉ ግን መንገዱ ቀላል ነው፤ ወጪም የለበትም። ስድስቱን ልጆች ለየብቻ፥ በስድስት ቤት፥ በስድስት ዘበኛ ያስቀምጡና ስለ ወደዱት ነገር ይጠይቋቸው። ስለ ፍየል ይጠይቋቸው። ስለ ንብ ቀፎ ይጠይቋቸው። ስድስቱም በሙላቴ ስምና በሬ ይጀምሩና «በራሳችሁ ቃል ጻፉ» ብለው ይጨርሳሉ። ልጆቹ ይህን ባያደርጉ እኔን በሙላቴ ፈንታ ካሚዮኑ ላይ ይጫኑኝ። ባሕሩን አንድ ጊዜ ተሻግሬዋለሁ፤ መንገዱ አይጠፋኝም።

እንግዲህ የምለምነው እጅግ ጥቂት ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገቡልኝ አልልም፤ ያ ነገር አልፏል። ወይራው ሥርም ሣር በቅሎበታል። ሙላቴ ወደ መሬቱ እንዲመለስ፥ ዳልቻም ወደ ቀንበሩ እንዲመለስ እለምናለሁ። ይህ የማይሆን ከሆነ ደግሞ የማይሆንበትን ምክንያት በጽሑፍ፥ በፊርማዎና በማኅተምዎ፥ ካሚዮኑ ከሚነሣበት ቀን በፊት፥ ይኸውም ግንቦት ፲፱ ቀን ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጡኝ በጥብቅ እጠይቃለሁ። «እንጠይቃለን»፥ «እናስብበታለን»፥ «ሰኞ ና» የሚል የቃል መልስ አልቀበልም። አለመቀበሌ ምን እንደሚያመጣብዎ ቢጠይቁኝ፥ ምንም። ይህን እርስዎም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። ቀኑን ግን ቆርጫለሁ፤ ፈተና ያለ ቀነ ገደብ ፈተና አይባልምና።

በሬ ከገብስ ቢገባ ሽማግሌ ከሚቀመጥበት፥ ሰው ከወረቀት ቢገባ ግን የሚያወጣው ከማይገኝበት ከዚህ ደጋ ሆኜ፥ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፥ ለብዕርዎ ጥቂት ጥርጣሬን፥ ለጸሐፊዎም ጠርሙሱን የሚያስቀምጥበት ሌላ ቦታ እየተመኘሁ፥ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የሰኞ ፈራሚዎ፥
ገብረኪዳን ወልደሚካኤል
ደብረ ታቦር፥ ግንቦት ፲ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት፤ ከፋሺስት መንግሥታችሁ መነሻ በሚጀምረው በእናንተ አዲሱ አቆጣጠር አሥራ ሰባተኛው ዓመት። ለእንዲህ ያለ ልጅ መንግሥት ብዙ ነገር መሳሳት የተፈቀደ መሆኑን አስታውሼ አልተቀየምሁም።

በኋላ የታሰበ፤ ፈተና ያለ ልምምድ ከባድ እንደ ሆነ ከልጆቹ ስለ ተማርሁ፥ ለመልስዎ እንዲረዳዎ አንዲት የልምምድ ጥያቄ እነሆ አዘጋጅቼልዎታለሁ። «የአንድ ገበሬ በሬ ከጎረቤቱ ገብስ ቢገባ፥ ጎረቤቱም ነገሩን ለልጆች ምሳሌ አድርጎ ቢጽፈው፥ ባሕር መሻገር የሚገባው ከሦስቱ ማነው? በሬው ነው፥ ጎረቤቱ ነው፥ ወይስ በገበያ የሳቀው ገበሬ?» በራስዎ ቃል ይጻፉ። ለማሰብ ጊዜ ይውሰዱ፤ እስከ ግንቦት ፲፱ ማታ «ፕሬስቶ» የሚልዎ የለም። የጫማ ድምፅም ከኋላዎ መጥቶ እንዳያስደነግጥዎ፥ እኔ ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ከበርዎ ፊት ቆሜ እጠብቃለሁ። ፈንታነሽም አብራኝ ትቆማለች።